በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ጥቆማ ሲቀርብ የጠቋሚው ስም የሚወጣው የት ላይ ነው?

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ እስከ ወግዲ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ በየሻይ ሰዓቱ የሚያነሳው ጥያቄ ስለሆነ እዚህ በደንብ ቢመለስ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። አንድ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ የግዥ፣ የንብረት ወይም የቅጥር ብልሹ አሠራር አይቶ ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሉ ወይም ለፀረ ሙስና ቢጠቁም፣ ስሙ የሚጠበቀው እስከ ምን ድረስ ነው? «ምስጢርህ ይጠበቃል» የሚለውን ሁሉም ይለዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ንገሩን፤ ወረቀቱ በማን በማን እጅ ያልፋል? ስም ሳይጻፍ ቢቀርብስ ያዩታል ወይ? ሕጉን የምታውቁ ሕጉን፣ አሠራሩን የምታውቁ አሠራሩን አስረዱ።

ሕግ ተመልካች

መጀመሪያ የምታቀርበው ቅሬታ ነው ወይስ ጥቆማ የሚለውን ለይ። የደረጃ እድገት ተከለከልኩ፣ የምዘና ውጤቴ ያለ አግባብ ዝቅ አለ የሚለው ቅሬታ ነው። መፍትሔው ለራስህ የሚሰጥ ስለሆነ ስምህን መደበቅ አይቻልም። የሕዝብ ገንዘብ ወይም ንብረት ጠፋ የሚለው ግን ጥቆማ ነው፤ ነገሩ እውነት ከሆነ ማን ተናገረው የሚለው ለውጤቱ ለውጥ የለውም። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ወረቀት ይቀላቅላል። ሦስት ገጽ ስለ ሲሚንቶ ይጽፍና መጨረሻ ላይ «እኔንም ከሥልጠና አስቀርተውኛል» ይላል። ያቺ መስመር ስሙን ከመፈረም አትተናነስም። ሁለት ጉዳይ ካለህ ሁለት ወረቀት ጻፍ፣ በተለያየ ጊዜም አስገባ።

ቀጥሎ ተጠሪነቱን አጣራ። ወሎ ዩኒቨርሲቲና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ የኮምቦልቻ ጉምሩክ፣ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ኢትዮ ቴሌኮም የፌዴራል ናቸው። በእነሱ ላይ የሚቀርበው ጥቆማ በአዋጅ ቁጥር 1236/2013 ወደሚሠራው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው የሚሄደው። የወረዳ፣ የዞንና የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች የክልሉ ስለሆኑ ወደ ክልሉ ኮሚሽንና በየደረጃው ወዳለው መዋቅሩ ይሄዳሉ። ቦታውን ስቶ የገባ ደብዳቤ «ለሚመለከተው» ተብሎ በሸኚ ደብዳቤ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር አንድ መዝገብ ቤት፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ተላላኪ ይጨመርበታል። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ ከ2008 ወዲህ የሙስና ምርመራና ክስ ከኮሚሽኑ ወጥቶ ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዷል። ስለዚህ ጥቆማህን የተቀበለህ ሰውና የሚመረምረው ሰው አንድ አይደሉም። «ፋይሉ ሲተላለፍ ስሜ አብሮ ይሄዳል ወይ?» ብለህ እዚያው ጠይቅ።

ስለ ሕግ ጥበቃ ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅን፣ ቁጥር 699/2003ን ነው። አዋጁ ጥሩ ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ያለ ጠቋሚው መረጃ ወይም ያለ ምስክሩ ቃል በሌላ መንገድ ሊገለጥ የማይችል መሆን አለበት። በጠቋሚው ወይም በቤተሰቡ ሕይወት፣ አካል፣ ነፃነት ወይም ንብረት ላይ ከባድ አደጋ መኖሩም መታመን አለበት። ያለ አግባብ አበል የወሰደን ባለሙያ የጠቆመ ሰው በዚህ አዋጅ ጥላ ሥር አይገባም። የእሱን ስም የሚጠብቀው የተቀባዩ ክፍል አሠራርና የራሱ ጥንቃቄ ነው። «አዋጁ አለልኝ» ብሎ ግልባጭ እየበተነ የሚጽፍ ሰው ይህን ይወቅ።

ገቢና ወጪ

ስለ ግልባጭ ካነሳህ አይቀር፣ ዋናው ቀዳዳ እሱ ነው። በአገራችን ደብዳቤ ሲጻፍ ከታች «ግልባጭ፡ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ ለዞን አስተዳደር፣ ለምክር ቤት፣ ለፀጥታ» ተብሎ አምስት ስድስት ቦታ ይደረደራል። ሰው ይህን የሚያደርገው አንዱ ቢቀብረው ሌላው ያወጣዋል ብሎ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ግልባጭ የራሱ ገቢ ቁጥር፣ የራሱ ማህደር፣ የራሱ አንባቢ አለው። ስድስት ቦታ የተበተነ ወረቀት ምስጢር ሆኖ የሚቆይበት መንገድ የለም። ለጥቆማ ግልባጭ የሚባል ነገር አይጻፍ።

አሁን የወረቀቱን ጉዞ ልንገርህ። ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲደርስ ይከፈታል። በገቢ መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የላኪው ስም፣ «ጉዳዩ» እና የገጹ ብዛት ይሞላል። መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚውለው፤ የራሱን ደብዳቤ ሊፈልግ የመጣ ሁሉ ጣቱን እያወረደ ያነበዋል። ከዚያ በጸሐፊ በኩል ለኃላፊ ይገባል፣ ኃላፊው በጥጉ ላይ «ለእገሌ፣ አጣርተህ አቅርብ» ብሎ ይመራል፣ በተላላኪ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ቢያንስ አራት ሰው አይቶታል፤ አንዱም ክፉ አላደረገም፣ ሥራውን ነው የሠራው።

ይህን የሚያስቀረው ሁለት ፖስታ ነው። ውስጠኛው ታሽጎ ከላዩ «ምስጢር፤ በተቀባዩ ብቻ የሚከፈት» ይጻፍበታል። ውጪኛው ላይ የሚጻፈው የተቀባዩ የሥራ መደብ ብቻ ነው፤ የግል ስም አይጻፍ፣ ሰውየው ሲዛወር ፖስታው አብሮት ይንከራተታል። የላኪ አድራሻም አያስፈልግም። መዝገብ ቤቱ ውጪኛውን ከፍቶ ውስጠኛውን እንደታሸገ ይመዘግባል፤ «ጉዳዩ» የሚለው ላይ «የታሸገ ፖስታ» ይላል፣ አለቀ። በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ለመላክ የሚያስብ ካለ ደግሞ የላኪ ስም በደረሰኙ ላይ እንደሚሞላ አይርሳ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ወረቀት ሳይዙ በአካል ሄዶ በቃል ማስመዝገብ ነው። ተቀባዩ ባለሙያ ቅጹን ራሱ ይሞላል፣ ስምህ በተለየ ወረቀት ላይ ይያዛል፣ ፋይሉ የሚጓዘው በመለያ ቁጥር ይሆናል። እንዲህ የማይሠራ ቢሮ ካጋጠመህ «ስሜን ከፋይሉ ለዩልኝ» ብለህ ጠይቅ። እምቢ ካሉ ስምህን የመስጠት ግዴታ የለብህም።

የመርሳዋ

በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ ሁሉ የፖስታ ጥንቃቄ ጽሑፉ ራሱ ስም ከጠራ ምን ይረባል? ብዙውን ጊዜ ጠቋሚውን የሚያጋልጠው የጻፈው ነገር ነው። አንባቢው «ይህን የሚያውቅ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱ ሁለት ሰው ወይም አንድ ሰው ይሆናል።

ሐይቅ ዳር

እህቴ የመርሳዋ ነገሩን በትክክል ይዛዋለች፤ እኔ በምሳሌ ላሳየው። አንድ ወረዳ ለጤና ኬላ ግንባታ ሲሚንቶ ገዛ እንበል። ጠቋሚው እንዲህ ይጽፋል፦

«ሰኔ 12 ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ወደ ስቶር ጠርተውን 200 ኩንታል ገብቷል ብላችሁ ፈርሙ አሉን። የገባው ግን 140 ነው። አልፈርምም ያለውንም ተቆጡት።»

እውነት ነው፣ ዝርዝር ነው፣ መርማሪም ይወደዋል። ግን ስቶር ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ኃላፊው፣ አንዱ የፈረመው፣ አንዱ አልፈርምም ያለው። ጠቋሚው ስሙን አልጻፈም፤ ሆኖም ከቢሮው ውስጥ የሚስተው ሰው የለም።

ያው መረጃ እንዲህ ቢጻፍስ?

«በአራተኛው ሩብ ዓመት ለጤና ኬላ ግንባታ የተገዛው ሲሚንቶ በሞዴል 19 ገቢ የተደረገበት መጠን በአካል ከገባው ይበልጣል። ሞዴል 19፣ የስቶሩ ቢን ካርድ፣ የአጓጓዡ የጭነት ሰነድና ሞዴል 22 ወጪዎች ይመሳከሩ። ግንባታው ላይ የዋለው መጠን ከሥራ ዝርዝሩ ጋር ቢነጻጸር ልዩነቱ ይታያል።»

ለማያውቅ፣ ሞዴል 19 የንብረት ገቢ፣ ሞዴል 22 የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ ነው፤ ቢን ካርድ ስቶሩ የገባውንና የወጣውን የሚመዘግብበት ካርድ ነው። እዚህ ውስጥ ትዕይንት የለም፣ ንግግር የለም፣ ሰዓት የለም። ያለው መርማሪው ራሱ ሄዶ የሚያገኘው የሰነድ ጥቆማ ነው። ይህን የግዥ ሰው ሊጽፈው ይችላል፣ የሒሳብ ሰው ሊጽፈው ይችላል፣ ኦዲተር፣ ሾፌር፣ ተቋራጭ፣ የጭነት አውራጅም ሊጽፈው ይችላል። ጽፈህ ስትጨርስ «ይህን ሊያውቅ የሚችል ስንት ሰው አለ?» ብለህ ቁጠር። ከአምስት ካነሰ እንደገና ጻፈው። ቀኑን ወደ ወር፣ ወሩን ወደ ሩብ ዓመት አስፋው። የሰማኸውን ንግግር ተወው፤ አስፈላጊ ከሆነ በኋላ በቃል ለመርማሪ ትነግራለህ።

ሌላው፣ ኦርጅናል ሰነድ ከማህደር አታውጣ። ሰነድ ማጉደል በራሱ የዲሲፕሊን ጥፋት ነው፣ በወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ተጠርጣሪው ያንኑ ይዞ አንተን ይከስሃል። የሰነዱን ቁጥር፣ ቀንና ያለበትን ማህደር መዝግበህ ስጥ፤ መርማሪው በሕጋዊ ትእዛዝ ያወጣዋል። ኮፒ ማያያዝ ግድ ከሆነም ኮፒውን በደንብ አስተውለው። ደብዳቤው የወጪ ቁጥርና ማኅተም ሳያርፍበት የተነሳ ኮፒ ከሆነ የወጣው ከአዘጋጁ ወይም ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ እንደሆነ ይታወቃል። የኃላፊው መምሪያ ጽሑፍ ካለበት ከዚያ በኋላ ካሉት እጆች ነው። በጥጉ ላይ ያለች የእርሳስ ምልክት እንኳ የማን እንደሆነች ቢሮው ያውቃል።

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልን፣ ይህ በጣም ጠቃሚ ነው። እንግዲያው ስም ጨርሶ ሳይጻፍ ቢቀርብ አይሻልም ወይ? ለምን ሰው ስሙን ለማንም ያምናል?

ቦርከና

እኔ ስም አልባ ጥቆማን አልመክርም። ተቀባዩ ክፍል ማብራሪያ ሲፈልግ የሚጠይቀው ሰው የለውም። «በእገሌ ቢሮ ሙስና አለ» የሚል ስም አልባ ወረቀት በየሳጥኑ ሞልቷል፤ ሰነድ የማይጠቅስ ከሆነ ይዘጋል። ከዚያም በላይ በቀል ቢደርስብህ «የጠቆምኩት እኔ ነኝ፣ ዝውውሩም በዚያ ምክንያት ነው» ብለህ የምታሳየው ነገር የለህም። ስምን በምስጢር ማስያዝ ጨርሶ ካለመስጠት በእጅጉ ይበልጣል።

ሐይቅ ዳር

ቦርከና፣ ለትልቅ ከተማ ትክክል ነህ፤ ለኩታበር ወይም ለመካነ ሰላም ግን በዚህ አልስማማም። የሥነ ምግባር መከታተያው ባለሙያ ከተጠርጣሪው ጋር በአንድ ኮሪደር በሚውልበት፣ አንዱ የሌላው አማች በሆነበት ወረዳ ስም መስጠት ሌላ ነገር ነው። መከታተያ ክፍሉ ተጠሪነቱ ለዚያው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ መሆኑን አስብበት። ጥቆማው በበላይ ኃላፊው ላይ ከሆነ ለመከታተያው መስጠት ለራሱ ለኃላፊው እንደመስጠት ነው፤ በቀጥታ ወደ ዞን ወይም ወደ ክልል መሄድ አለበት። በዝቅተኛ ባለሙያ ላይ ከሆነ መከታተያው በቂ ነው። ስም አልባ ጥቆማም ቢሆን ሰነድ ከጠቀሰ ይሠራበታል። ከላይ የሲሚንቶው ሁለተኛ ጽሑፍ ማብራሪያ የሚሰጥ ሰው አያስፈልገውም፣ ወረቀቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ቦርከና

ሰነድ ያለው ጉዳይ ከሆነ እቀበላለሁ። የቅጥር ዝምድና፣ ጉቦ፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ግን ወረቀት አይተዉም፤ እነሱ በሰው ቃል ነው የሚቆሙት። እዚያ ስም ያስፈልጋል፣ ስም የሚሰጠውም ከወረዳው ወጣ ብሎ ነው።

ሕግ ተመልካች

እዚህ ላይ ጠቋሚና ምስክር መለየት አለባቸው። ጠቋሚ ሆኖ ስሙ እስከ መጨረሻው ላይወጣ ይችላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ተከሳሹ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት፣ ምስክሮችንም የመጠየቅ መብት አለው። ምስክር የሆነ ሰው ስሙ ከማስረጃ ዝርዝሩ ጋር ይወጣል፤ አዋጅ 699 ልዩ ጥበቃ የሚሰጠው ከላይ ያልኩትን መስፈርት ለሚያሟላ ብቻ ነው። ስለዚህ ስትጠቁም «መረጃ እሰጣለሁ፣ ምስክር ግን አልሆንም» ወይም «አስፈላጊ ከሆነ እመሰክራለሁ» የሚለውን ከመጀመሪያው አስመዝግብ። ይህን ያላስመዘገበ ሰው መርማሪው ሌላ ማስረጃ መፈለጉን ትቶ በእሱ ላይ ይንተራሳል። በቂ ሰነድ ካለ ጠቋሚውን ምስክር ማድረግ ስንፍና ነው።

ኬብል

ስለ ስልክና ኮምፒውተር ማንም አላነሳም። በአጭሩ፦

ጽሑፉን በወረዳው የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አታስተይብ። እነዚህ ሱቆች የተየቡትን ሁሉ ዴስክቶፑ ላይ ይተዉታል፣ ቀጥሎ የመጣው ደንበኛ ያነበዋል። በእጅ ጽፈህም አትላክ፣ የሥራ ባልደረባ የእጅ ጽሑፍህን ያውቃል። በራስህ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ጻፍና ከሰፈርህ ራቅ ብለህ አሳትም፤ ከፍላሽህ የተገለበጠ ፋይል ካለም እዚያው ፊትህ ይጥፋ። የወርድ ፋይል ከሆነ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ኦተር» (ጸሐፊ) የሚል ቦታ ላይ የኮምፒውተሩ ባለቤት ስም ይቀመጣል፤ ፒዲኤፍም አንዳንዴ ይወርሰዋል። በወረቀት አትሞ መስጠት ከሁለቱም ይገላግላል።

በቴሌግራም ፎቶ ስትልክ «እንደ ፋይል» ከላክኸው ፎቶው የተነሳበት ሰዓት፣ ስልኩ ሎኬሽን ይመዘግብ ከነበረም ቦታው አብሮ ይሄዳል። በተራ ፎቶነት ከላክኸው ይህ ይወገዳል። ከሌላ ቦታ የደረሰህን መልእክት ፎርዋርድ ካደረግህ የመጀመሪያው ላኪ ስም ከላይ ይታያል፤ ሌላ ሰው ታጋልጣለህ። በስልክ ለመጠቆም ካሰብህ ደግሞ ትሩኮለር የሚባለውን የደዋይ ስም የሚያሳይ መተግበሪያ የጫነ ተቀባይ ስምህን ገና ሳታወራ ያየዋል። የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይልና ዋይፋይ ስለመጠቀም ማውራትም አያስፈልግም።

የከሚሴ ልጅ

አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር። በእኛ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ደሴ ሄዶ በአማርኛ መጠቆም የማይችል ወይም ከሚሴ መጥቶ አፋን ኦሮሞ የማይችል ሰው ሲኖር አስተርጓሚ ይገባል። አስተርጓሚው ብዙውን ጊዜ እዚያው የተገኘ ሠራተኛ ነው። እሱ ሦስተኛ ጆሮ ነው። ቃሉ ከመሰጠቱ በፊት ማን እንደሆነ፣ ከተጠርጣሪው ጋር ዝምድና እንዳለው ይጠየቅ፤ ምስጢር ለመጠበቅም በጽሑፍ ይፈርም። ካልሆነ ጠቋሚው የሚያምነውን የራሱን አስተርጓሚ ይዞ መሄድ ይችላል።

የመርሳዋ

ወደ መርማሪው ጎን ልውሰደው። ጠቋሚው ሁሉን ተጠንቅቆ፣ መርማሪው መሥሪያ ቤቱ ገብቶ ያንን አንድ ሞዴል 19 ብቻ ካወጣ ተጠርጣሪው በደቂቃ ይነቃል። ልምድ ያለው መርማሪ የዓመቱን ግዥ በሙሉ ይጠይቃል፣ የሚፈልገው መሃል ላይ ይሆናል። ሠራተኛ ሲያነጋግር ክፍሉን በተራ ይጠራል፤ ጠቋሚውን መጀመሪያም መጨረሻም አያደርገውም፣ ከሌሎቹም በላይ አያቆየውም። በሥራ ሰዓት አይደውልለትም። ጠቋሚው ይህን መጠየቅ ይችላል፤ «ቆጠራው እንደ መደበኛ የንብረት ቆጠራ ይሁን» ብሎ ሐሳብ ማቅረብ ነውር የለበትም።

ሌላው በእኛ አካባቢ የሚታወቀው ሽማግሌ ነው። ጥቆማ ከቀረበ በኋላ ሽማግሌ ወደ አንድ ሠራተኛ ቤት ቢመጣ፣ ወይ ስም ወጥቷል ወይ እየገመቱ ነው። ገመታ ከሆነ «እሺ፣ አስብበታለሁ» የምትል ቃል ብቻ ግምቱን ታረጋግጣለች። ሽማግሌን አክብሮ ማስተናገድ ግድ ነው፤ ቡናው ይፈላ፣ ነገሩን ግን «የማውቀው ጉዳይ የለም፣ በመንግሥት የተያዘ ነገር ካለ መንግሥት ያየዋል» ብሎ መሸኘት ነው። የሕዝብ ሀብት ጉዳይ በግለሰብ እርቅ የሚዘጋ አይደለም። በዚያው ቀን መርማሪውን ማሳወቅም ያስፈልጋል፣ መረጃው ከየት እንደወጣ የሚፈትሸው እሱ ነው።

ቦርከና

በቀሉ ብዙ ጊዜ ከሥራ ማባረር ሆኖ አይመጣም። ዝውውር «ለሥራ ቅልጥፍና»፣ የምዘና ውጤት ዝቅ ማድረግ፣ ከኮሚቴ ማውጣት፣ የመስክ አበል መንፈግ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከመጠቆምህ በፊት ያለፉትን የምዘና ውጤቶችህን፣ የሹመትና የምስጋና ደብዳቤዎችህን ኮፒ ቤትህ አስቀምጥ። በኋላ ሲለወጥ ልዩነቱን የሚያሳየው እሱ ነው። የዝውውር ደብዳቤ ከደረሰህ ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነውና በሳምንቱ ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አስገባ። በቅሬታው ላይ ግን «ስለጠቆምኩ ነው» አትበል፤ ዝውውሩ የተሰጠበት ምክንያት ከመመሪያው ጋር አለመጣጣሙን ብቻ አስረዳ። የበቀሉን ክፍል ለጥቆማ ተቀባዩ በተለየ ወረቀት ታሳውቃለህ።

ሕግ ተመልካች

የተጠቆመበትም ሰው መብት እንዳለው ይታወቅ። ጉዳዩ ሳይጣራ ስሙን በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ቡድን መለጠፍ ምርመራውን ያበላሻል፣ ሰነድ ለማጥፋት ጊዜ ይሰጣል፣ ለጠፊውንም በስም ማጥፋት ሊያስጠይቅ ይችላል። እያወቀ ንጹሕን ሰው በሐሰት የወነጀለ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447 ይጠየቃል። በቅን ልቦና ጠቁሞ ማስረጃ ያልተገኘለት ሰው ግን ይህ አይመለከተውም። ስለዚህ ያየኸውን «አየሁ»፣ የሰማኸውን «ሰማሁ»፣ የገመትኸውን «ይጣራ» ብለህ ለይተህ ጻፍ።

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)

የመጨረሻ ጥያቄ። ጥቆማው ከገባ በኋላ እንዴት ነው የሚከታተሉት? በየሳምንቱ መመላለስም ያስነቃል።

ገቢና ወጪ

አብሽር፣ መመላለስ አያስፈልግም። ስታስመዘግብ መለያ ቁጥሩን ተቀበልና ስልክህ ላይ «ፀረ ሙስና» ብለህ ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ ያዝ። ከአንድ ወር በኋላ በቁጥሩ ብቻ ጠይቅ፤ የሚነግሩህም ደረጃውን ነው። ሊሆን የሚችለው ወይ ለምርመራ ተመርቷል፣ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ አስተዳደራዊ እርምጃ እንዲወሰድ ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ተልኳል ነው። አደገኛው ሦስተኛው ነው። ብዙ ቢሮ «ጥቆማው ከዚህ ጋር ተያይዞ ቀርቧል» ብሎ የጠቋሚውን ወረቀት እንዳለ ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ያያይዘዋል፣ ያም ወረቀት ተመርቶ ተመርቶ የተጠቆመበት ሰው ጠረጴዛ ላይ «አስተያየት ይስጡበት» ተብሎ ያርፋል። ይህን ማስቆም የሚቻለው ገና ስታስመዘግብ ነው። በቅጹ ላይ «ጉዳዩ ወደ መሥሪያ ቤቱ ከተላከ ፍሬ ነገሩ በእናንተ ቃል ተጽፎ ይላክ፤ የእኔ ጽሑፍም ሆነ ያያያዝኩት ኮፒ አይያያዝ» የሚል አንድ መስመር አስገባ፣ ተቀባዩም ከጎኑ ይፈርምበት።